ሃምሳ እስኪቆጠር መቆም

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸለመኝ ካፖርት ነው። ወፍራም የሱፍ ካፖርት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። አዳማ ውስጥ፣ በግንቦት። አስተዳዳሪው አልብሶኝ ሰዉ ሲያጨበጭብ ላቡ ከግንባሬ ተነስቶ በጉንጬ ወረደ። ሰዉ እያለቀስኩ መስሎት አዘነልኝ፣ እኔም አላረምኩትም። ሃያ ስድስት ዓመት ኦፕራሲዮን ክፍል የቆመ ሰው አንድ ቀን ላቡን በእንባ ቢመነዝር ነውር የለውም።

በመዝገብ ላይ ያለው ስሜ ሌላ ነው። እኛ ሆስፒታል በር ላይ ግን «ፕሮፌሰር» ብላችሁ ብትጠይቁ ዘበኛው ያሳያችኋል። ማዕረጉን ዩኒቨርሲቲ አልሰጠኝም። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት እኔን ተወኝ እንጂ እኔ አልተውኩትም። ሆስፒታል የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ወለሉን ስጠርግ አንድ ዓይኔ መጥረጊያው ላይ፣ አንዱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቆይተው ዕቃ አጣቢ አደረጉኝ። ዓመት ሙሉ መቀስና መቆንጠጫ ሲያጥብ የኖረ ሰው የትኛው ለምን እንደሚሆን ካላወቀ ሳሙናውም ይታዘበዋል። አንድ ቀን ረዳቷ ነርስ ታማ ቀረች፣ የዛን ጊዜው ሐኪም እጁን ዘረጋ፣ እኔ የሚፈልገውን መቆንጠጫ ስሙን ሳይጠራ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

ዞር ብሎ አየኝና «ማነህ አንተ?» አለኝ።

«ጽዳት ነኝ።»

«እጅህን ታጠብና ና።»

ትምህርቴ ይኸው ነው፣ ምረቃም አልነበረውም። በድሬሰርነት፣ በሐኪም ረዳትነት ማለት ነው፣ ተቀጠርኩ፣ በድሬሰርነት ጡረታ ወጣሁ። ስለ ደሞዙ ባላወራ ይሻላል፣ እሱም ስለኔ አያወራም። ግን እኔ የቆረጥኩት የስፌት ክር ቢቀጣጠል ከአዳማ ሞጆ ደርሶ ይመለሳል። ይሄን ውሸት ነው የሚል ካለ ክሩን ይዞ ይምጣ።

አለቃ ብዙ አይቻለሁ። የሚጮህ፣ የሚተኛ፣ ስብሰባ የሚወድ። ደርግ ከገባ በኋላ የመጣ አንድ አስተዳዳሪ ደግሞ ሁሉ ነገር በዕቅድ ካልሆነ አይወድም። የወንዶቹ ኦፕራሲዮን በሚቀጥለው ዓመት በእጥፍ እንዲያድግ ዕቅድ አውጡ አለ። የኦፕራሲዮን ሐኪማችን ዶክተር ግርማቸው ወረቀቱን እያዩ «ጓድ፣ ኦፕራሲዮኑን እኔ አቅዳለሁ፣ በሽታውን የሚያቅድልኝ ግን ማነው?» አሉት። ሰውየው ማስታወሻው ላይ ጻፈው። በሚቀጥለው ስብሰባ መልስ ይዞ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ተዛወረ።

እንግዲህ የምተርክላችሁ ስለኚህ ዶክተር ነው። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ያሳፈርኳቸውም እሳቸውን ነው።

ዶክተር ግርማቸው አጭር፣ ቀጭን፣ የማይስቁ ሰው ናቸው። እኔ አውርቼ ያላሳቅኩት ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ሙከራዬን ግን አላቋረጥኩም። ውጭ አገር ተምረው አዳማ ሲመደቡ ይዘው የመጡት ትልቅ ነገር የትንሽ ቀዳዳ ሥራ ነው። በተለይ የወንዶቹን።

ነገሩ ምን መሰላችሁ። ከወንድ ፍሬ ደም የሚመልሱት ሥሮች አንዳንዴ ይላላሉ። ደሙ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ታች ይመለሳል፣ ይጠራቀማል፣ ሥሩ ያብጣል። ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ነው። ሐኪሞቹ ቫሪኮሲል ይሉታል። እኛ ሲዳሰስ ትል የሞላ ከረጢት ስለሚመስል «ትሉ» እንለው ነበር። አንዳንዱን ሰው ምንም አይለው። አንዳንዱን ማታ ማታ ይጎትተዋል፣ ይከብደዋል። አንዳንዱን ደግሞ ልጅ ይከለክለዋል። ተንኮሉ ሰውየው ሲተኛ ነው። ደሙ ይመለስና ትሉ ይጠፋል። ስለዚህ ተኝቶ የታየ ወንድ ሁሉ ጤነኛ ነው።

ዶክተር ታዲያ ማንንም ወንድ አስተኝተው አያዩም። ሀብታም ይሁን ሻምበል፣ ሱሪውን አውልቆ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ይቆማል። እሳቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ድምፅ እያሰሙ እስከ ሃምሳ ይቆጥራሉ። ሃምሳ ሲሞላ ደሙ ወርዶ ሞልቷል። ያኔ ዞረው በሁለት ጣታቸው ይዳስሳሉ፣ «ያስሉ» ይላሉ፣ ያበቃል። አንዴ አንድ የጦር ሹም «እኔ በተራ ወታደር ደንብ ልቆም ነው?» ብሎ ተቆጣ። ዶክተር «አንድ» አሉ። ሰውየው ሲጮህ አሥራ ሁለት ደረሱ። ሃያ ላይ ዝም አለ።

ፊታቸውን ለምን ወደ መስኮት እንደሚያዞሩ ጠይቄያቸው ነበር። «ሰው ራቁቱን ሲቆም ሃምሳ ረጅም ነው፣ ብቻውን ይቁመው» አሉኝ። ይቺን ነገር ለማንም አልነገርኩም ነበር፣ አሁን ጻፍኳት።

ኦፕራሲዮኑን ደግሞ ስሙኝ። በፊት የሚሠራው ሆድ ሰፋ ተደርጎ ተቀዶ፣ በሽተኛው ሙሉ በሙሉ ተኝቶ፣ ሳምንት አልጋ ይዞ ነበር። እሳቸው ብሽሽቱ አጠገብ ሁለት ጣት የማትሞላ ቦታ በመርፌ ያደነዝዛሉ፣ እዛችው ላይ ይከፍታሉ፣ የፍሬውን ማንጠልጠያ በቀስታ ያወጡና ከአሮጌ ጓንት በተቆረጠ የላስቲክ ክር ያነሱታል። ከዛ ሰዓት ሠሪ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን አጉሊ መነጽር ይሰካሉ። እውነቴን ነው፣ ከገበያው ካለ ሰዓት ሠሪ የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። እንዳትወድቅ ማሰሪያዋን የሠራሁትም እኔ ነኝ፣ ከጓንት አንገት። ያን ጊዜ ጓንት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዱቄት ተነስንሶበት ተመልሶ ይለበሳል። ሲቀደድ ደግሞ ለኔ ነው፣ እኔ ከተቀደደ ጓንት የማልሠራው ነገር የለም።

በዛች መነጽር ሥሮቹን አንድ በአንድ ይለያሉ። ያበጡት ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፣ ዝናብ ያወጣው ትል ይመስላሉ። እያንዳንዱን በቀጭን የሐር ክር በሁለት ቦታ ያስራሉ፣ መሃሉን እኔ እቆርጣለሁ። ዘሩ የሚሄድበት ቱቦ ያልበሰለ ፓስታ ነው የሚመስለው፣ ጠንካራ ስለሆነ ማንም አይስተውም። ችግሩ ደም የምታመጣዋ ሥር ናት፣ ቀጭን ናት፣ ከሌሎቹ መሃል ትደበቃለች። እሷን ያሰረ ሰው ፍሬውን ገደለ። ዶክተር የማደንዘዣ ጠብታ ያንጠባጥቡባትና እጃቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። አይነኩም፣ አይናገሩም። ትንሽ ቆይታ ትመታለች። «አየሃት?» ይላሉ። «አየኋት» እላለሁ። ሁለታችንም ሳናያት አንድም ክር ታስሮ አያውቅም። መጨረሻ ላይ በሽተኛው ያስላል፣ የቀረ ሥር ካለ ያኔ ይነፋል። ቀን ላይ የመጣ ሰው አመሻሽ ላይ በእግሩ ወደ አውቶቡስ ተራ ይሄዳል።

እኔስ? እኔ አወራለሁ። ሰውየው ነቅቶ ነው የሚተኛው፣ ከወገቡ በታች ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ እያሰበ። ፈርቶ ከተወጠረ ሥራ የለም። ስለዚህ ስለ በሬው እጠይቀዋለሁ፣ ስለ አማቱ እጠይቀዋለሁ፣ ኳስ ካወቀ ኳስ። አንድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ከአዋሳ እስከ ሞጆ ያለውን መንገድ ኩርባ በኩርባ እየነዳ ሻሸመኔ ሲደርስ ጨረስን፣ «ቆይ፣ ዝዋይ ሳልደርስማ አልነሳም» አለ። ዶክተር «ግማሹ ማደንዘዣ የፕሮፌሰር አፍ ነው» ይሉ ነበር። ሳይስቁ። የፕሮፌሰርነት ማዕረጌ ከዚህች ቃል ይቆጠርልኝ።

ቡልቡላ ጤና ጣቢያ የተመደብኩት በዚህ ሁሉ ክብር መሃል ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለዘመቻ ሲሄድ ሰው ጠፋና «ለጊዜው» ተብዬ ሄድኩ፣ ጊዜውም ሁለት ዓመት ሆነ። ዶክተር ሲሸኙኝ አንድ ሥራ ሰጡኝ። ከዛ አገር አዳማ የሚመጣ ወንድ ሦስት ጊዜ እንዳይመላለስ እኔ እዛው አይቼ ወረቀት ልጽፍለት ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቃል መኖር አለበት፦ «ቆሞ ታይቷል።» ሁለቱ ቃላት ካሉ ዶክተር ሳይጠራጠሩ ይቀበላሉ። አራተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው ይሄ ማኅተም እንደ መያዝ ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ቡልቡላ ያረፍኩት ከባለ ወፍጮው ከጋሽ ደጀኔ ቤት ነው። ጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል ሰጡኝ፣ ምግብ ግን ከነሱው ጋር ነው። ጋሽ ደጀኔ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በአካልም በክብርም። ሲያልፉ ሰው ይነሳላቸዋል። ባለቤታቸው አስካለ የአቦምሳ ልጅ ናት፣ ከኔ ብዙም አትበልጥም፣ «ወንድሜ» ትለኛለች፣ የምትቀልድብኝም እንደ እህት ነው። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖረዋል፣ ልጅ የለም።

እራት ላይ እኔ ወሬ እከፍታለሁ። የዶክተርን ቆጠራ፣ የጦር ሹሙን፣ ሻሸመኔ የቀረውን ሾፌር። አስካለ እስክታነባ ትስቃለች። «እስኪ ደግመህ ቁጠር» ትለኛለች፣ እኔም እንደ ዶክተር ወደ ግድግዳ ዞሬ እቆጥራለሁ። ጋሽ ደጀኔ ከትሪው ቀና ሳይሉ ይበላሉ። ያኔ ልብ አላልኩትም። ስቀልድ የማያየኝ ሰው የለም ብዬ አምናለሁ፣ እኔ ግን ሰው አላይም።

የጋሽ ደጀኔ ዘመዶች «መካን ይዘህ ልታረጅ ነው?» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። አስካለን ወደ አባቷ ቤት መልሰው ለሰውየው ሌላ ሊያጩ ነው። አስካለ አልጮኸችም። «እኔ አዳማ ድረስ ሄጄ ታይቻለሁ፣ ምንም የለብሽም ተብያለሁ። እንደታየሁ እሱም ይታይ። ካልታየ አልሄድም» አለች። በዛ አገር እንዲህ ያለች ሴት አልነበረችም። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ኦቦ ቱፋ ጺማቸውን ጎተት አድርገው «ነገሯ ልክ ነው፣ ጤና ጣቢያ አለ፣ ሄዶ ወረቀት ያምጣ» ብለው ፈረዱ።

ጤና ጣቢያ ማለት እኔ ነኝ።

ጋሽ ደጀኔ በቀትር መጡ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«እንግዲህ መጣሁልህ» አሉኝ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጥ ነው እንዴ ሥራው?»

ሥራው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ዓመት ሙሉ በየራቱ ሳወራው ኖሬያለሁ። አሁን «ጋሼ፣ ሱሪዎን ያውልቁና ይቁሙ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የማይዘጋው አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ጠዋት የበላሁት እንጀራ የሳቸው ነው። የለበስኩት ሹራብ ለፋሲካ እሳቸው የገዙልኝ ነው። ያጎረሰህን ሰው ራቁቱን አቁመህ ቁጠርበት ቢሉህ ምን ታደርጋለህ? እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ጋሽ ደጀኔ አግዳሚው ላይ ተጋደሙ፣ ጋቢያቸውን እስከ ደረታቸው ሳቡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«እንዲህ አይሆንም?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

«ይሆናል ጋሼ» አልኩ።

እጄን በጋቢው ስር አስገብቼ ለይስሙላ ነካ አደረግኩ። ምንም የለም። ምን ሊኖር ነው፣ ተኝተዋላ። ታጠብኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ወረቀቱን አወጣሁ፣ «ቆሞ ታይቷል። ጤነኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ ያን ቀን እንዳማረ አምሮ አያውቅም።

በሁለተኛው ቀን ወረቀቱ ከመንገዱ ማዶ ባለው ግራር ስር ተነበበ። ያነበበው የቀበሌው ጸሐፊ ነው። «ቆሞ ታይቷል» ሲል አስካለ ቀና አለች። ይቺ ቃል ምን እንደሆነች ከዛ ሁሉ ሰው የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፣ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

«ወንድሜ» አለችኝ በሰው መሃል። «ቆሞ ነው ያየኸው? ቆጠርክ?»

ጋሽ ደጀኔ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ወረቀቱ ይናገራል» አልኩ።

አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። በማግስቱ አንድ ሣጥንና አንድ ፍራሽ ይዛ የጭነት መኪና ላይ ወጣች። እኔ ሣጥኑን ላግዛት ስጠጋ እጇን ዘረጋችና ገፋ አደረገችኝ፣ በኃይል አይደለም፣ በር ላይ የቆመ ሰው እንደሚገፋ።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ ይሉኝታ ነበር፣ አክብሮት ነበር እያልኩ ለራሴ ልከራከር ሞክሬ ነበር። ተውኩት። ዶክተር እኮ ሹሙንም ባላገሩንም አቁመው ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞሩ ነበር። ማክበሩን ያውቁበታል።

ከዓመት በኋላ አዳማ ተመለስኩ። የክረምቱ ማብቂያ ላይ ከተራ ጠባቂዎቹ መሃል ጋሽ ደጀኔን አየኋቸው፣ ያ ጋቢ፣ ያ ቁመት። የታጨችላቸው ልጅ ነበረች፣ ሰርጉ ግን አልተደገሰም። ኩንታል ማንሳት አቅቷቸዋል፣ ማታ ማታ ብሽሽታቸውን ይጎትታቸዋል። እኔ ዕቃ እንደረሳ ሰው ዞሬ ወደ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉም ይሰማል።

«ሱሪዎን ያውልቁና እዚህ ይቁሙ» አሉ ዶክተር። «አንድ። ሁለት።»

ሃምሳ ረጅም ነው። ማጠቢያው ጋ ቆሜ አብሬ ቆጠርኩ። ሃምሳ ላይ ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «ያስሉ።» ጋሽ ደጀኔ ሳሉ። 

«ከዚህ በፊት ታይተው ያውቃሉ?»

የወረቀት ድምፅ ሰማሁ። ዓመት ሙሉ ኪሳቸው ይዘውት ኖረዋል።

«ፕሮፌሰር፣ ና» አሉ ዶክተር።

ገባሁ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ፊደሉ የማነው?»

«የኔ ነው።»

«ቆመው ነው ያየሃቸው?»

ጋሽ ደጀኔ ሱሪያቸውን እንደያዙ «ተኝቼ ነው ዶክተር፣ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ…» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አልጠየቅኩም» አሉ ዶክተር። ዓይናቸውን ከኔ አላነሱም።

«ተኝተው ነው» አልኩ።

ዶክተር ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝ። እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። የሚጮኹ አለቆች እኮ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ይህን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኦፕራሲዮን ገባን፣ እስከዛ ዶክተር የአስካለን ነገር ከጋሽ ደጀኔ ሰምተዋል። ታጠብኩ፣ ጓንት አጠለቅኩ፣ መነጽሯን ዓይናቸው ላይ አሰርኩላቸው። አደነዘዙ፣ ከፈቱ። ሥሮቹ ከላስቲኩ ላይ ሲወጡ አየኋቸው፣ ከዛ በፊትም በኋላም እንደዛ ያበጡ አላየሁም። ዓመት ሙሉ እዛው ነበሩ። በሁለት ጣት ልነካቸው እችል ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ አውራ እንጂ» አሉ ዶክተር። «ሰውየው እየተወጠሩ ነው።»

«ወሬ የለኝም ዶክተር።»

ከጨርቁ ማዶ ጋሽ ደጀኔ ሳቅ አሉ። «እሱን ዝም ያሰኘ ኦፕራሲዮን የኔው ይሆናል» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ወረቀቱ ሲነበብ እኮ ልነሳ ነበር። እግሬ እንቢ አለኝ። ሌላ ጊዜ ሰው ሁሉ ለኔ ነው የሚነሳው፣ እኔ መነሳቱን አልለመድኩትም።»

ዶክተር ጠብታውን አንጠባጠቡና እጃቸውን አነሱ። ጠበቅን። ቀጭኗ ሥር መምታት ጀመረች።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«በደንብ እያት። እንዳታስራት የምትጠነቀቅላት እሷ ናት፤ ሌላው ሁሉ ይታሰራል።» ክሩን አሰሩ፣ ቆረጥኩ። «ሰኞ አቦምሳ ትሄዳለህ። የጻፈው እጅ ይመልሰው።»

የፈቃድ ወረቀቱ ላይ «ለግል ጉዳይ» ተብሎ ተጻፈልኝ። ዶክተር አዲስ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፣ ሰውየው ቆመው እንደታዩና በግራ በኩል እንደተሠሩ። አሮጌውም ኪሴ ውስጥ ነው።

አቦምሳ ስደርስ አስካለ አባቷ ቤት ደጅ ላይ ምስር ትለቅማለች። አየችኝ፣ አልተነሳችም። አባቷ ወጡ፣ ሁለት ጎረቤትም መጣ። ወንበር አመጡልኝ።

«አይቀመጥም» አለች አስካለ። «እዛ ጋ ቁም።»

ቆምኩ።

«ሐኪምህ እንደሚያደርገው ልቁጠርና ከዛ ትናገራለህ።» ፊቷን ወደ ምስሩ መለሰች። «አንድ። ሁለት። ሦስት።»

አባቷ ምን እንደሚካሄድ ግራ ገብቷቸው አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። እሷ እየለቀመች ትቆጥራለች፣ ጠጠር ስታገኝ ትጥላለች፣ አትፈጥንም። ሃምሳ ስትል ተናገርኩ። ሁሉንም። ጋቢውንም፣ ግድግዳውንም፣ ሹራቡንም። ሁለቱን ወረቀት ሰጠኋት። ከጎረቤቶቹ አንዷ አነበበችላት። አስካለ አዲሱን እጥፍ አድርጋ ያዘች፣ አሮጌውን መለሰችልኝ።

«እኔ አቦምሳ ላይ ማንም አልሰደበኝም» አለች። «መካን የተባልኩት ቡልቡላ፣ ግራሩ ስር ነው። ያንን እዛው አንብብ። ከዛ ልመለስ አልመለስ እኔ አስብበታለሁ።»

ቡልቡላ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ የቀበሌው ጸሐፊም መጣ፣ ግን እኔ ራሴ አነበብኩ። «ይሄ የጻፍኩት ውሸት ነው፣ ጋሽ ደጀኔ ቆመው አልታዩም፣ ጉድለቱ ከሳቸው በኩል ነበር፣ አስካለ ምንም የለባትም» አልኩ። ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ «ታዲያ ይሄን ሐኪም ብለን እናቶቻችንን ስንሰጠው ነበር?» አለ። ሌላው «ሐኪም አይደለም፣ ጠራጊ ነው» አለው። እሱስ ልክ ነው።

ኦቦ ቱፋ ወደ ጋሽ ደጀኔ ዞረው «ዱጋ ነው? እውነት ነው?» አሉ።

ጋሽ ደጀኔ ተነሱ። ስፌታቸው ገና ነው፣ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

«እውነት ነው» አሉ። «ያን ቀንም አውቅ ነበር።» አልተቀመጡም። ሽማግሌዎቹ ተማክረው፣ የአስካለ ስም ይመለስ፣ ሌላይቱ እጮኛ ትቅር፣ ሰውየው ራሱ አቦምሳ ሄዶ ይለምን ብለው እስኪጨርሱ ቆመው ነበር። ኦቦ ቱፋ «ኧረ ተቀመጥ፣ ስፌቱ ይፈታብሃል» ሲሏቸው ነው ሰው የሳቀው።

አስካለ ከመከር በኋላ ተመለሰች። አባቷ በር ላይ ጋሽ ደጀኔን ስንት ሰዓት እንዳቆመቻቸው አላውቅም፣ ሁለቱም አይናገሩም። ልጅ አልመጣም። ዶክተር መጀመሪያውኑ «እኔ መንገድ እጠርጋለሁ እንጂ ልጅ አልሰጥም» ይሉ ነበር፣ ለብዙዎች መጣ፣ ለነሱ ዘገየና ቀረ። ግን ከዛ ወዲህ ቡልቡላ ውስጥ መካን የሚል ቃል ወደ አስካለ ዞሮ አያውቅም፣ ሊያዞር የሞከረ ቢኖር ወረቀቱ ሣጥኗ ውስጥ ነው።

እኔ ወረቀት መጻፍ ተከለከልኩ። ዶክተር ለማንም አልከሰሱኝም፣ ቃሉን ብቻ ወሰዱብኝ። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ክር ቆረጥኩ፣ አወራሁ፣ ሥሯ ስትመታ «አየኋት» አልኩ። እሳቸው ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረው ሲሄዱ ያቺን የሰዓት ሠሪ መነጽር ተዉልኝ። ሳይስቁ።

ቡልቡላ ግን መሄዴን አላቆምኩም። በዓመት አንዴ ሁለቴ እሄዳለሁ፣ አስካለም ደንብ አውጥታለች። ገብቼ ከመቀመጤ በፊት ሃምሳ እስክትቆጥር እቆማለሁ። እንግዳ ቢኖርም ይቆጠራል፣ ዓውደ ዓመትም ቢሆን ይቆጠራል። ጋሽ ደጀኔ ያኔ ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞራሉ፣ ሳቅ ይዟቸው ይሁን ሌላ አላውቅም።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ሄድኩ። ካፖርቱን ለጋሽ ደጀኔ ልሰጣቸው ነው፣ የቡልቡላ ሌሊት ከአዳማ ይብሳል፣ እሳቸውም አርጅተዋል። ሻንጣ ስለሌለኝ ለብሼው ገባሁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች አስካለ።

«ሽልማቴ ነው።»

«እዛ ጋ ቁም።»

ቆምኩ። ቆጠረች። ቀትር ነው፣ ካፖርቱ ሱፍ ነው፣ ሃያ ላይ ላቡ በግንባሬ ወረደ። ሃያ አምስት ላይ ቀና ብላ አየችኝ፣ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ሠላሳ ላይ መቁጠሩን አቆመች።

«በቃ ተቀመጥ» አለች። «ጡረታ ወጥተሃል አይደል።»

ወንበሩን አቀረበችልኝ። የቀረውን ሃያ በልቤ ቆጠርኩት፣ ከዛ ተቀመጥኩ።